ለአውፍታ የተሰጠ የይለፍ ወረቀት

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ አንድ ረጅም ፈረንጅ አስከትሎ ቤቴ መጣ። ሰውየው ቡና ገዢ ነው፤ ጅማንና አጋሮን ሊያይ የመጣ። «አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ የናንተን ፓስፖርት ስታገላብጥ ነው የኖረችው» ብሎ አስተዋወቀኝ። እኔም አመሌ አይለቀኝ፣ ገና ሳይቀመጥ «እስቲ ቪዛህን» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀና ስልኩን ዘረጋልኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። እውነትም ቪዛው ስልኩ ውስጥ ነው። አገሩ ቁጭ ብሎ በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ነው ያገኘው። ደጅ መጥናት የለ፣ «ነገ ተመለስ» የለ።

«የመጣህበትን ምክንያትስ ማን ጠየቀህ?» አልኩት።

«ስልኩ» አለኝ። «ጉብኝት፣ ንግድ፣ ስብሰባ እያለ ይደረድራል። አንዱን መንካት ነው።»

«ጉዳዩ ከተደረደረው ውጭ የሆነ ሰውስ?»

ፈረንጁ ትከሻውን ነቀነቀና ስልኩን ኪሱ ከተተ። በስልኩ አልቀናሁም፤ ስንቱ ሰው ደጃችን ላይ ፀሐይ ሲመታው ይውል እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ። ግን እንግዳው ከሄደ በኋላ ነገሩ ከሆዴ አልወጣ አለ። የጅማ ቢሮ ባልደረባዬ የነበረው ጋሽ ተፈራ በሕይወት ኖሮ ያንን ስልክ ቢያይ ምን ይል ነበር እያልኩ ሰነበትኩ። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። በሕይወት ሳለ ጋሽ ተፈራን አንቱ ስለው ነው የኖርኩት፤ ወረቀት ላይ ግን አንቱታው ስለሚያርቀኝ አንተ እያልኩ እጽፋለሁ። እሱም ቢሆን አይቀየመኝም።

ሥራ የጀመርኩት በደርግ ጊዜ አሰንዳቦ ኬላ ላይ ነው። በዚያን ዘመን የውጭ አገር ሰው ቪዛ አገኘ ማለት አዲስ አበባ ገባ ማለት ብቻ ነበር። ወደ ክፍለ ሀገር ለመውጣት ሌላ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ የይለፍ ወረቀት እንለዋለን። የሚሄድበት ከተማ፣ የሚያድርበት ሆቴል፣ የሚያገኘው ሰው፣ የመጣበት ምክንያት ሁሉ እዚያ ላይ ይጻፋል። አውቶቡሱ ኬላው ላይ ሲቆም ፈረንጅ ወይም ዓረብ ካለበት ወጥቼ ወረቀቱን አያለሁ። ኦሮምኛውም አማርኛውም አፌን የፈታሁበት ስለሆነ፣ ከትምህርት ቤት የቃረምኳት እንግሊዝኛም ስለነበረችኝ ነው የቀጠሩኝ። ደመወዙን ተዉት፤ ለሻሽና ለጫማ ይበቃ ነበር።

የኬላው አለቃችን ጯሂ ሰው ነበር። ድምፁን ከፍ ካደረገ አማርኛው ለፈረንጅ የሚገባ ይመስለዋል። «ወ-ረ-ቀት!» ይላል፤ ምስኪኑ መንገደኛ ኪሱን ሁሉ ያራግፋል። «ለምን መጣህ!» ይላል፤ ሰውየው አፉ ላይ የመጣለትን ይናገራል። አንዱ ሐኪም ደንግጦ «ጎብኚ ነኝ» ብሎ ጅማ ሆስፒታል እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር፤ ሆስፒታሉ ራሱ ጠርቶት ሳለ! እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፣ አፌም ስል ነው። «አለቃ፣ ትንሽ ቀስ ቢሉ እኮ ሰውየው አይደነቁርም» አልኩት። በሳምንቱ ወደ ጅማ ተዛወርኩ። ቅጣት ነበር የመሰለው፤ እኔ ግን አገሬ ገባሁ።

የጅማው ቢሮ ሁለት ክፍል ነው። ከኋላ ኃላፊው መቶ አለቃ ይቀመጣል፤ ከፊት ጋሽ ተፈራና እኔ። ጋሽ ተፈራ የሸዋ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ጅማ መጥቶ እዚያው የቀረ። ይህን ሁሉ ዘመን ኖሮ ኦሮምኛው ከ«አካም» ሰላምታና ከገበያ ቁጥር አያልፍም። «ጋሼ፣ አያፍሩም?» ስለው «አንቺ ምን ሥራ ትሠሪያለሽ ታዲያ?» ይለኛል።

ማኅተም ከመምታቱ በፊት ግራ መዳፉ ላይ ይሞክረዋል። ቀለሙ በዝቶ ፓስፖርት እንዳያጨማልቅ ነው። መዳፉ ሁልጊዜ ወይን ጠጅ መልክ ነበረው፤ ቤት ሄዶ ቢታጠብም አይለቅም። ፓስፖርት ሲሰጠው ከኋላ ነው የሚጀምረው፤ ሰውየው በቅርብ የት እንደነበር አይቶ ወደ ፊት ይመጣል። በወረቀቱ ላይ ቀኑን በኛም በነሱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጽፋል። ኬላ ላይ ያለው ልጅ አንዱን በሌላው አንብቦ፣ ቪዛው ያላለቀበትን ሰው «አልቆብሃል» ብሎ ሲያስር ስላየ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የመጣበትን ምክንያት አጠያየቁ ነው። እኛ መጀመሪያ የምንጠይቀውን እሱ መጨረሻ ይጠይቃል። ሌላው ሁሉ ተሞልቶ ሲያልቅ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ያስተኛል። ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ይገፋል። ከዚያ «እስቲ ያጫውቱኝ» ይላል።

«ዘይነባ፣ ሰው እስክሪብቶ የጨበጠ እጅ እያየ አያወራም» ይለኝ ነበር። «አሳጥሮ ይገላገልሻል።»

አንድ ጊዜ አንድ ጣልያን ሽማግሌ «ጉብኝት» ብሎ መጣ። ጋሽ ተፈራ እስክሪብቶውን አስተኛ። ሰውየው መጀመሪያ ስለ አየሩ አወራ፣ ቀጥሎ ስለ ሚስቱ፤ በመጨረሻ በወጣትነቱ ድንጋይ ጠርቦ ካቆማቸው ድልድዮች አንዷ እስካሁን ቆማ እንደሆን ማየት ፈልጎ እንደመጣ ተናገረ። ጋሽ ተፈራ ሳቅ አለና «ድልድይ ለማየት» ብሎ ጻፈ። መቶ አለቃው «ድልድይ ወታደራዊ ነገር ነው!» ብሎ ጮኸ። ሆኖም ሰውየው አየ። ድልድዩ ቆሟል፣ እሱ ግን ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔ ነኝ ይዤው የሄድኩት።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሳለ ነው ሳሊህ የመጣው።

አንድ ጠዋት ነጭ ቆብ ያደረገ፣ ከሽርጥ በላይ ኮት የደረበ ሽማግሌ ገባ። ፓስፖርቱ የየመን ነው። የይለፍ ወረቀቱ እስከ ጅማ ከተማ ብቻ ይላል። እንግሊዝኛዬን ሳዘጋጅ እሱ ጥርት ባለ የጅማ ኦሮምኛ ሰላምታውን ያወርደው ጀመር። እኔ ደህና፣ ቤቱ ደህና፣ ከብቱ ደህና። ከዚያ «የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ።

«እዚህ ጠያቂዋ እኔ ነኝ አባ» አልኩት።

«ብትጠይቂም የሰው ልጅ ነሽ» አለኝ። የአባቴን ስም ነገርኩት። የአባቴን ሱቅ ያውቀዋል። ደነገጥኩ፤ በወረቀቱ ባዕድ የሆነ ሰው ሰፈሬን ያውቃል።

ወደ አጋሮ ለመሄድ ፈቃድ ፈልጎ ነው የመጣው። ጋሽ ተፈራ ሁሉን ሞልቶ ጨረሰ፤ እስክሪብቶውን አስተኛ፤ ወንበሩን ገፋ። «እስቲ ያጫውቱኝ።»

«አጋሮ ቡና ነጋዴ ነበርኩ» አለ ሳሊህ። አማርኛውም እንደኛው ነው። «በኋላ አብዮቱ መጣ፤ ቤቱም መጋዘኑም ተወረሰ፤ ልጆቼን ይዤ የመን ገባሁ። ለመጋዘኑ አይደለም የመጣሁት። መጋዘኑን ሐላል ብዬ ትቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«አባ ዝናብ የሚባል ሰው አለ። አባ ዝናብ አባ ፊጣ። ሚዛን ያዤ ነበር። አንድ ዓመት ከመጋዘኔ ጀንፈል ጠፋ፣ ከነጆንያው።» ጀንፈል ከነገለባው የደረቀውን ቡና ነው የምንለው። «ንዴት አናቴ ላይ ወጣ። በገበያ ቀን፣ ሕዝቡ ቡናውን ይዞ ተሰልፎ ሳለ፣ እዚያው ሚዛኑ ሥር ‹ሌባ!› አልኩት። ሚዛኑን ከእጁ ቀማሁት። እሱ ምንም አላለኝም። ዝም ብሎ አየኝ።»

ሳሊህ ቆቡን አወለቀና መልሶ አደረገው።

«አሁን በቅርቡ የመን ውስጥ የወንድሜ ልጅ ሊሞት ሲያጣጥር አስጠራኝ። ‹አጎቴ አውፍ በለኝ፤ ያኔ ጀንፈሉን የሸጥኩት እኔ ነኝ› አለኝ። ወላሂ እሱን አውፍ አልኩት። እኔንስ ማን አውፍ ይበለኝ? ዘንድሮ ሐጅ ልሄድ ነው። ይህን ተሸክሜ የት እሄዳለሁ?»

አውፍ በለኝ ማለት በድዬሃለሁ፣ ከልብህ ይቅር በለኝ ማለት ነው። በኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ ሐጅ የሚነሳ ሰው የበደለውን ሁሉ ዞሮ አውፍ ያስብላል፤ አውፍታውን ሳያገኝ አይነሳም። በአጋሮ በኩል ደግሞ አንድ የቆየ ነገር አለ። በሕዝብ ፊት የወጣ ክፉ ቃል በጓዳ አይመለስም። ሚዛን ሥር የተሳደበ ሚዛን ሥር ቆሞ፣ የገበያ ሰው እየሰማ ነው «ዋሽቻለሁ» የሚለው። ሳሊህ ይህን ያውቃል። ከየመን ድረስ ያመጣውም ይኸው ነው።

ጋሽ ተፈራ ወረቀቱን ይዞ ወደ መቶ አለቃው ገባ። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁ።

«ይቅርታ የሚባል የጉዞ ምክንያት የለም» አለ መቶ አለቃው። «ጉብኝት በለው።»

«ጉብኝት ካልኩት ሆቴል አድሮ ፏፏቴ ማየት አለበት። ንግድ ካልኩት የደብዳቤ መዓት ይጠየቃል። ቤተሰብ እንዳልለው የሥጋ ዘመድ የለውም።»

«እና ምን ልትለው ነው?»

«የነገረኝን።»

መቶ አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ብዙ ተነፈሰ። በመጨረሻ ፈረመ፣ ግን ቅድመ ሁኔታ ደረደረ። የሳሊህ ቪዛ ሊያበቃ ስለሆነ አንድ ቀን ብቻ፤ በማግሥቱ በአውሮፕላን ይመለሳል። እኔ አብሬው እሄዳለሁ። የሚያገኘው ሰው ሙሉ ስም ወረቀቱ ላይ ይጻፋል፤ ለአጋሮ አስተዳደርም በሬዲዮ ይነገራል። ደንቡም እንዲያ ነበር። ጋሽ ተፈራ በዚያች ባማረች ጽሑፉ «ምክንያት፦ ለአውፍታ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ የአባ ዝናብን ስም እስከ አባቱ፣ እስከ ቀበሌው ሳይሳሳት አሰፈረ። ማኅተሙን መዳፉ ላይ ሞከረና መታው። ሳሊህ የጋሽ ተፈራን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

በነጋታው አጋሮ የገባነው ገበያው ሞቅ ሲል ነው። የገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ቡና የሚገዛበት ግቢ ድሮ የሳሊህ መጋዘን የነበረው ነው። የሚዛኑም ቦታ ያው የድሮው ነው፤ መመዘኛው ባስኩላ ግን አዲስ ነው። ከበሩ አጠገብ አንዲት ረጅም ሴት የጀንፈል ቅርጫቷን ይዛ ተራ ትጠብቃለች። ሐዋ ትባላለች፤ ስሟን በኋላ ነው ያወቅሁት። «የአባ ዝናብ ቤት በየት በኩል ነው?» ብዬ በኦሮምኛ ጠየቅኋት።

«የትኛው አባ ዝናብ? ሃቱ?» አለችኝ። ሌባው ማለቷ ነው። በክፋት አልነበረም። ሰው «አንካሳው» ወይም «ረጅሙ» እንደሚለው ነው ያለችው፤ ስሙ ሆኖ ቀርቷል። በአገጯ መንገዱን አሳየችኝ።

ሳሊህ አጠገቤ ነበር። ኮቱን አጥብቆ ያዘ። «ያ ረቢ» ብቻ አለ።

አባ ዝናብ ቤት ስንደርስ የቀበሌው ሊቀመንበር ጠመንጃ ከያዙ ጠባቂዎች ጋር በር ላይ ቆሟል። ፊቱ ተለዋውጧል። አባ ዝናብ የለም። ማታውኑ ጠፍቷል።

ለካስ መልእክታችን በሬዲዮ ሲደርስ ሊቀመንበሩ በራሱ አካሄድ ነው ያደረሰው። መሽቶ በጠባቂ አስጠርቶት፣ «ነገ ከጅማ የመንግሥት ሰዎች ስላንተ ይመጣሉ። ስምህ ከነአባትህ ተጽፏል። ዓረቡም አብሮ አለ። ከቤት እንዳትንቀሳቀስ» ብሎታል። በዚያን ዘመን ስምህ ተጽፎ መጣ የተባለ ሰው ምን ሊያስብ ይችላል? ያኔ የጠፋው ጀንፈል ተነስቶ አሁን ሊያሳስረው እንደመጣ ነው የገባው። ሚስቱ «ወደ ቡናው ጫካ ገባ፤ ሌላ አላውቅም፤ ማሎ፣ እባካችሁ፣ አትግደሉት» እያለች መሬት ላይ ተንበረከከች። እኔ ላነሳት ስጎነበስ ሳሊህ ቀድሞኝ ተንበርክኮ አገኘሁት።

«እኔ ነኝ የበደልኩት» አላት። እሷ ግን ፍርሃት ጆሮዋን ደፍኖታል፤ አልሰማችውም።

እስከ ከሰዓት ጠበቅን። ሳሊህ ሚዛኑ ሥር ሄዶ ቆመ። «እዚሁ ልናገር» አለ። ሊቀመንበሩ «ያልተፈቀደ ስብሰባ ነው» አለ። ሳሊህ ዙሪያውን አየና «እሱም የለ። ሰውየው በሌለበት ለማን ነው የምናገረው?» አለ። ራሱን ነቀነቀና ወደ መኪናው ሄደ። ወረቀቱ የሚለው ሰዓት ደርሶ ነበር። መንገዱን ሙሉ እንባው ጢሙ ውስጥ ይወርዳል። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት በሥራዬ ላይ ያን ቀን የመሰለ ቀን አላየሁም። ተናደድኩ፤ በማን እንደምናደድ ግን አላወቅኩም።

ጋሽ ተፈራ ስነግረው ቁጭ አለ። ወረቀቱን አንስቶ የአባ ዝናብን ስም አየው። «ስሙን እንዲህ አሳምሬ መጻፌ!» አለ። «ስምህ ከነአባትህ በመንግሥት ወረቀት ላይ ተጽፏል ሲባል ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው። እንዴት ይህ ጠፋኝ?»

በማግሥቱ ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ አብሮን መጣ። ሥራው አልነበረም። ሳሊህ ሊሳፈር ሲል ተመለሰና ፊት ለፊቱ ቆመ።

«አቶ ተፈራ፣ ያን ቀን ሰምተውኛል አይደል? ሁሉንም?»

«ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው እርስዎ ዘንድ አማና ነው» አለው። አማና ማለት አደራ ነው፤ ከአደራም የጠበቀ። አውሮፕላኑ ተነሳ። ጋሽ ተፈራ ከዓይን እስኪጠፋ ቆሞ አየው።

ቢሮ ተመልሰን ገና ሳንቀመጥ አንድ ቀጭን ሽማግሌ በር ላይ ቆሟል። ብርድ ልብስ ጠቅልሎ በትከሻው አንግቷል፤ በእጁ ለሶላት መታጠቢያ፣ የውዱእ ውኃ የሚይዝበት ትንሽ ጣሳ አለ። ሸሚዙ ላይ የቡና ቅጠል ተለጥፏል።

«ምን ፈልገው ነው አባ?» አልኩት።

«መጥቻለሁ» አለኝ።

«ለምን?»

«ልታሰር። አባ ዝናብ ነኝ።» ብርድ ልብሱን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ጫካ ስገባ ብርድ ሲመታኝ አሰብኩ። ያኔ ዝም አልኩ፣ ሌባ ተባልኩ። አሁን ደግሞ ብሸሽ ሌብነቴን ራሴ መሰከርኩ ማለት ነው። አልሰረቅኩም። እሰሩኝ፣ ግን አልሰረቅኩም።»

አላህ ያሳያችሁ! ሊታሰር ልብሱን ጠቅልሎ በእግሩ የመጣ ሰው። አውሮፕላኑ ደግሞ ገና ሰማይ ላይ ነው። እኔ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ አላፍርም። ጋሽ ተፈራ ተነስቶ ወንበሩን ለአባ ዝናብ ሰጠው። ራሱ ቆሞ፣ ሳሊህ የነገረውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረው። እኔ እንባዬን እየጠረግኩ ወደ ኦሮምኛ መለስኩት። የወንድሙን ልጅም፣ የየመኑንም፣ ሚዛኑ ሥር መቆሙንም፣ መንገዱን ሙሉ ማልቀሱንም።

አባ ዝናብ እስከ መጨረሻው ሰማ። ጣሳውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በጣቱ ያዞረዋል። «ሳሊህ ለዚህ ነው የመጣው?» አለ አንዴ። ጋሽ ተፈራ ሲጨርስ አባ ዝናብን ደስ ይለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«እኔ እንዳልሰረቅኩ ድሮም አውቃለሁ» አለ። «ለኔ መንገራችሁ ምን ያደርግልኛል? ልጆቼ የሃቱ ልጆች እየተባሉ ነው ያደጉት። ሚዛን ማንም አያስነካኝም። ለአጋሮ ንገሩ።»

ጋሽ ተፈራ ወደ መቶ አለቃው ገባ። ወዲያው ወጣ። «የኛ ሥራ የውጭ ሰው ማስገባትና ማስወጣት ነው። ሰውየው ወጥቷል፣ ጉዳዩ ተዘግቷል» ተብሏል። «ገበያ መሃል ብትናገር አላውቅህም» ተብሎም ተጨምሮበታል። ጋሽ ተፈራ የዓመት ፈቃድ ጠየቀ። በሥራ ዘመኑ ፈቃድ ሲወስድ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አባ ዝናብን «በገበያ ቀን እዚያው ሚዛኑ ጋ ይጠብቁን» አለው። ወደኔ ዞሮ «ኦሮምኛ አልችልም» አለኝ። እኔም ፈቃድ ጠየቅኩ።

የኋላ ኋላ የሆነውን እዚህ ላይ ልናገርና ልገላገለው። ጋሽ ተፈራ በዚያ ነገር ተከሶ ሩቅ በረሃ ኬላ ተላከ። እዚያው ጡረታ ወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። እኔ በሴትነቴ ይሁን በምላሴ ማስጠንቀቂያ ብቻ ደረሰኝ። ለሳሊህም ሐጅ በሚሄዱ የአጋሮ ሰዎች አፍ መልእክት ላክን፤ ደርሶት እንደሆን አላህ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ሌላ አለቃ፣ ሌላ መንግሥት፣ ሌላ ማኅተም አየሁ። አሁን ወደ አጋሮ ልመለስ።

ገበያው ደምቋል። ገበሬው ጀንፈሉን ይዞ ተሰልፏል። አባ ዝናብ ከግቢው ጥግ፣ ከሚዛኑ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ለመቅረብ እንኳ እግሩ አልለመደም። ጋሽ ተፈራ ክራቫት አስሮ መጥቷል። ሚዛኑ ሥር ሲቆም ሊቀመንበሩ እየሮጠ መጣ።

«ይህን ስብሰባ ማን ፈቀደ?»

ጋሽ ተፈራ ከኪሱ የይለፍ ወረቀቱን ግልባጭ አወጣና ዘረጋለት። «ያንብቡት። የተፈቀደው ምክንያት አውፍታ ነው። ቦታው አጋሮ ነው። ፊርማው ይኸው፣ ማኅተሙ ይኸው። ሰውየው ሄደ እንጂ ጉዳዩ አልተፈጸመም። ልፈጽም ነው የመጣሁት።»

ሊቀመንበሩ ማኅተሙን አየ፤ ወረቀቱን ገልብጦም አየ። ሌላ ምክንያት ተጽፎበት ቢሆን ያን ቀን ሁለታችንም ታስረን ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ጋሽ ተፈራ መናገር ጀመረ። «ሳሊህ የሚባለው ነጋዴ ወደ ቢሯችን መጥቶ እንዲህ ብሏል» አለ። እኔም «ሳሊህ መጥቶ እንዲህ ብሏል» እያልኩ ወደ ኦሮምኛ እመልሳለሁ። ሰው ይሰማል፣ ግን እንደ ሬዲዮ ነው የሚሰማው፤ አንዱ ከጓደኛው ጋር ያወራል፣ አንዱ ጆንያውን ያስራል። አባ ዝናብን አየሁት። አንገቱን ደፍቷል። ያኔ አንድ ነገር ገፋኝ። ሳሊህ እንዲህ አለ ማለቱን ተውኩትና ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«እኔ ሳሊህ ነኝ!» አልኩ በኦሮምኛ።

አንዳንዶቹ ሳቁ። ሻሽ ያሰረች ሴት «ሳሊህ ነኝ» ስትል ማን አይስቅም? ጋሽ ተፈራ ምን እንዳልኩ አልገባውም፤ ግን ቀጥዪ እንደማለት ራሱን ነቀነቀልኝ።

«እኔ ሳሊህ ነኝ። እዚህ ቦታ፣ እዚህ ሚዛን ሥር፣ እናንተ እየሰማችሁ አባ ዝናብን ሌባ አልኩት። ዋሸሁ። ጀንፈሉን የወሰደው የገዛ ወንድሜ ልጅ ነው፤ በአንደበቱ ነግሮኝ ሞቷል። አባ ዝናብ አልሰረቀም። ሌባ ያላችሁት በኔ ውሸት ነው። አባ ዝናብ፣ አውፍ በለኝ!»

ሳቁ ቆመ። ጆንያ የሚያስረውም ቀና አለ። ግቢው ሁሉ ወደ ጥግ ዞረ። አባ ዝናብ እየተንገዳገደ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ቁመቱ ከኔ ያንሳል። አየኝ፤ ያኔ ሳሊህን ያየው አስተያየት ይህ ይሆን አልኩ።

«አውፍ ብያለሁ» አለ። «ለአላህ ብዬ አውፍ ብያለሁ።»

ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ አልነበረም። አንዳንዱ መሬት መሬት ያያል፤ ስንት ዓመት በአፋቸው ሲጠሩት የነበረው ስም አፋቸው ውስጥ ቀርቶባቸዋል። ጋሽ ተፈራ የግራ እጁን ጀርባ አፉ ላይ አድርጎ ነበር፤ ወይን ጠጁ መዳፍ ይታየኛል። ከተሰለፉት መሃል ያቺ ረጅም ሴት፣ ሐዋ፣ ቅርጫቷን አንስታ ወጣች። የኅብረት ሥራው መዛኝ እጁን ሲዘረጋላት አልፋው ሄደች። ቅርጫቱን አባ ዝናብ እግር ሥር አስቀመጠች።

«አባ ዝናብ፣ ማሎ፣ ይቺን መዝንልኝ» አለችው።

ወጣቱ መዛኝ ከሚዛኑ ፈቀቅ አለ። አባ ዝናብ እጁን በሽርጡ ጠረገ። ጀንፈሉን ገልብጦ አስቀመጠ፣ የሚዛኑን ብረት ወዲያና ወዲህ ገፋ። መርፌው እስኪረጋ ጠበቀ። ከዚያ ድሮ እንደሚያደርገው፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ክብደቱን ጮኾ ተናገረ።

ሐዋ ቅርጫቷን አንስታ ልትሄድ ስትል ኋላዋ የተሰለፈው ገበሬ «ልክ ነው? አላየሽም እኮ» አላት።

«ምን አየዋለሁ» አለች። «አባ ዝናብ ነው የመዘነው።»